የትንሽ አውሮፕላን መሪ በእጅ ላይ እንዴት ይሰማል

ለመጀመሪያ ጊዜ ሴስና 172 ውስጥ የተቀመጠ ሰው መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዘዋል። መኪና ያስለመደው ነው። አውሮፕላን ግን ለላላ እጅ ነው የሚናገረው። ከመሪው እስከ ክንፉና ጭራው ያለው የሽቦ ገመድና ፑሊ ብቻ ነው፤ ጉልበት የሚያግዝ ሃይድሮሊክ በመሀል የለም። ስለዚህ ነፋሱ የሚገፋው ግፊት በገመዱ መጥቶ ጣትዎ ላይ ይደርሳል።

ሞተር ሳይነሳ ይጀምሩ። መቀመጫውን ካስተካከሉ በኋላ ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው መቆለፉን ያረጋግጡ፤ በመነሻ ላይ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ሰው ሳያስበው መሪውን ይዞ ይሳባል፣ ይህም ሕይወት ያስከፍላል። አሁን አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ቀስረው መሪውን ወደ ግራ ያዙሩ። ጣቱ ባዘነበለበት በኩል ክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ኤለሮኑ፣ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ መሪውን ወደ ደረትዎ ይሳቡ። ከበድ ይላል፤ የሚያነሱት ጭራው ላይ ሆኖ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል፣ የኤሌቬተሩን፣ ክብደት ነውና።

መሬት ላይ አውሮፕላኑን የሚያዞረው መሪው አይደለም፤ እግር ነው። ተረከዝ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ የፔዳሉን ታችኛ ክፍል ይግፉ። ላይኛው ክፍል ፍሬን ነው።

ከፊትዎ ካሉት የሞተር መቆጣጠሪያዎች ጥቁሩ ቁልፍ ወደ ውስጥ ሲገፋ ኃይል ይጨምራል። ቀዩ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ቦሌ ላይ ቀዩን እስከ መጨረሻ ገፍቶ መነሳት ሞተሩን በነዳጅ ያፍነዋል፤ ሙሉ ኃይል ሰጥተው የሞተሩ ዙር ከፍ እስኪል ድረስ ትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ይሳቡት።

ሲንደረደሩ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ ፔዳል ይጫኑ። ባዶ የነበረው መሪ ቀስ በቀስ ነፍስ ሲዘራ ይሰማዎታል። 55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ) ላይ ለስለስ አድርገው ይሳቡ።

አየር ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ110 ኖት መሪው ጠጠር ይላል፤ የሚሰጡት እንቅስቃሴ ሳይሆን ግፊት ነው፣ በሁለት ጣት። አፍንጫውን የሚፈልጉት ቦታ ላይ በመሪው ይያዙ፣ ከዚያ የትሪሙን ጎማ (መሪው ላይ ያለውን ጫና የሚያቃልለውን ትንሽ ጎማ) እጅዎ ላይ ያለው ጫና እስኪጠፋ ያሽከርክሩ፤ ወደ ታች ሲያሽከረክሩት አፍንጫው ከፍ ለማለት ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪ በትሪሙ ለመብረር ይሞክራል። ይህ ልማድ ከያዘ ለመላቀቅ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ መሪ፣ ከዚያ ትሪም።

ለመታጠፍ መሪውንና በዚያው በኩል ያለውን ፔዳል አንድ ላይ ይጫኑ። ክንፉ የሚበቃውን ያህል ሲያዘነብል መሪውን ወደ መሀል ይመልሱት። መኪና ነጂን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ መሪው ቀጥ ብሎ አውሮፕላኑ መታጠፉን ይቀጥላል።

ከሁሉ በላይ በደንብ መማር ያለበት የዝግታው ስሜት ነው። ፍጥነት ሲወርድ መሪው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ብዙ ያንቀሳቅሳሉ፣ መልሱ ግን ትንሽና የዘገየ ነው። ከዚያ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው መቃረቡን የሚናገረው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ይጮኻል። እጅ ያኔ መሳብ ያምረዋል፤ እርስዎ ግን ወደ ፊት ያላሉት፣ ኃይልም ይጨምሩ።

ይኸው ልስላሴ ማረፊያ ላይ ይጠቅማል። ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ ኃይሉን ቀንሰው መሪውን ቀስ እያሉ ይሳቡ፤ አየሩ በደከመ ቁጥር የበለጠ ይሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እስኪነኩ።