ዲቪዲ ዴክ ቤት ውስጥ ሲጠገን መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ዴኩ «ኖ ዲስክ» ብሎ ሲቆም ሁሉም ሰው የሚፈርደው አንድ ነው፦ «ሌንሱ ሞቷል።» ሌንስ በእርግጥ ያረጃል። ሆኖም «ኖ ዲስክ» የሚያስብሉ ከሌንስ የረከሱ ብዙ ምክንያቶች አሉ። ብዙ ዴክ ጨርሶ የሚሞተውም በመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ብልሽቱ ሳይለይ በተጀመረ ጥገና ነው።

ዲስኩን ሳይመረምሩ ብሎን መፍታት

በአንድ ዲስክ ብቻ ሞክረው ሽፋኑን አይክፈቱ። ሦስት ዲስክ ያዘጋጁ፦ ኦሪጅናል ዲቪዲ፣ በኮምፒውተር ራይት የተደረገ ዲቪዲ፣ እና ሲዲ ወይም ቪሲዲ። ዲቪዲ የሚነበበው በ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ነው፤ ሲዲና ቪሲዲ ግን በ780 ናኖሜትር። ዴኩ አንዱን ዓይነት እያነበበ ሌላውን እንቢ ካለ ፓወሩን (ለዴኩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ክፍል) እና ሞተሩን መጠርጠር ይተዉ፤ ችግሩ ከሁለቱ ሌዘሮች በአንዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ኦሪጅናሉን አንብቦ ራይት የተደረገውን ከተወ ሌንሱ ቆሽሾ ወይም እየደከመ ሊሆን ይችላል። ራይት የተደረገ ዲስክ የሚመልሰው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ድካሙ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ጭረትም በአቅጣጫው ይለያያል። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደን ጭረት ዴኩ በስህተት ማረሚያው ይሻገረዋል። ክቡን ተከትሎ የሄደ ጭረት ግን ተከታታይ መረጃ ስለሚሸፍን ያቆመዋል። ዲስክ እየተሽከረከረ የማይጠረገው ለዚህ ነው፤ ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ከመሃል ወደ ውጭ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። ሲዲ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ይጠብቁ፤ አንጸባራቂው ንብርብር ያለው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ እሱ ከተላጠ ምንም ማጽዳት አያድነውም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ፊልም እንቢ ካለ ዴኩን ከመውቀስዎ በፊት የዲስኩን የክልል ኮድ፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ዴክ እንዲነበብ እንደተሠራ የሚገልጸውን ቁጥር፣ ይመልከቱ። አሜሪካ ክልል 1 ናት፤ ምዕራብ አውሮፓ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና እስራኤል ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ክልል 5። ቁጥሩ በማሸጊያው ጀርባ በትንሽ የዓለም ካርታ ምልክት ላይ ይጻፋል።

ሥዕል ስለጠፋ ቦርዱን መንካት

ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ ከላይ ወደ ታች ከተንከባለለ፣ ወይም ድምፅ እያለ ሥዕል ከጠፋ መጀመሪያ ሪሞቱን ይያዙ። ብዙ ዴክ ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ (ሁለቱም የቴሌቪዥን ሥዕል ሥርዓቶች ናቸው) የሚቀይር «ፒ/ኤን» የሚባል ቁልፍ አለው። የቪዲዮ መውጫውን ወደ ዋይዩቪ ወይም ፕሮግሬሲቭ (ሌሎች የሥዕል አወጣጥ ዓይነቶች) የሚቀይር ሌላ ቁልፍም አለ። ልጅ ነክቶት ከሆነ በቢጫው ገመድ የሚመጣው ሥዕል ይበላሻል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ቁልፉን እየተጫኑ በየጊዜው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ።

ሶኬቱን ነቅሎ ወዲያው እጅ ማስገባት

ይህኛው ስህተት በሕይወት የሚያስከፍል ነው። ከግድግዳ የሚገባው 220 ቮልት በዳዮዶቹ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት አካላት) ከተስተካከለ በኋላ በትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በሚይዘው አካል) ላይ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ያ ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ 22 ወይም 33 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት የተጻፈበት ሲሆን ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም፣ በተለይ ፓወሩ ካልሠራ፣ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች በካቻቢቴ ሁለቱን እግር ያገናኛሉ። ብልጭታው ካፓሲተሩንም የቦርዱን መስመርም ይጎዳል፣ ዓይንም ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ይልቁንስ 2.2 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ገመድ አስረው ሁለቱን እግር ለ5 ሰከንድ ያስነኩ። ከዚያ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርገው ይለኩ፤ ከ10 ቮልት በታች ሳይወርድ እጅ አያስገቡ።

የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ብርማ ወረቀት መተካት

ፊውዙ ሲቃጠል መስተዋቱ ስለ ምክንያቱ ፍንጭ ይሰጣል። ክሩ መሃል ላይ ብቻ ተበጥሶ መስተዋቱ ንጹሕ ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ የገባ ግፊት ሊሆን ይችላል። መስተዋቱ ከውስጥ ከጠቆረ ወይም የብር ቀለም ከረጨ ግን ከፊውዙ በኋላ ሾርት አለ። ያን ጊዜ ወረቀት መጠቅለል እሳት መጋበዝ ነው። ቀደም ብለው 4ቱን ዳዮዶች (አብዛኛውን ጊዜ 1ኤን4007) በቴስተር ይፈትሹ። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ የሚያሳየው ሞቷል። ከዚያ ስዊቺንግ አይሲውን (የፓወሩን መቆጣጠሪያ ቺፕ) እና የግፊት መከላከያውን ይመልከቱ፤ መከላከያው ከፊውዙ አጠገብ የቆመች፣ ሳንቲም የምትመስል ክብ አካል ናት።

አዲስ ፊውዝ ሲያስገቡ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰኩ። ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል በአንዱ መስመር ላይ በተከታታይ ያስገቡና ያብሩ። አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቆየ ሾርቱ አልጠፋም፣ ዴኩ ግን ከተጨማሪ ቃጠሎ ድኗል።

መብራቱ በርቶ «ሎዲንግ» ላይ የሚቀር ዴክ ከሆነ ደግሞ የ5 ቮልቱን መስመር ይለኩ። 4.5 ቮልት አካባቢ ከወረደ ወይም ከዋለለ በዝቅተኛ ቮልት በኩል ያሉትን 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አናት ይዩ። ያበጠውን ይቀይሩ፤ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ ይሁን። ነጭ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ሌንሱ ምን እንደሚያደርግ ሳያዩ ሌንስ መግዛት

ሽፋኑን ከፍተው፣ ፓወር ቦርዱን ሳይነኩ፣ ያለ ዲስክ ያብሩት። ከ30 ሴንቲሜትር ርቀው ከጎን ይመልከቱ፤ ፊት ለፊት ወደ ሌንሱ ፈጽሞ አይዩ። ጤነኛ ዴክ ሌንሱን ወደ መሃል ይስባል፣ ቀይ ብርሃን ያበራል፣ ሌንሱም ትኩረት ፍለጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ዲስክ ሲገባ ደግሞ ይሽከረከራል።

የትኛው እንደቀረ ያስተውሉ። ወደ መሃል ካልሄደ ችግሩ ያለው በተሸካሚው ሞተር፣ በጥርሶቹ ወይም በመሃል ባለችው ትንሽ ማብሪያ ላይ ነው። ብርሃን ኖሮ ከፍ ዝቅ ካላለ ፍላት ኬብሉን (ሌንሱን ከቦርዱ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ) ይጠርጥሩ። የሶኬቱን መቆለፊያ ሳያነሱ ኬብሉን አይጎትቱ። ጫፉን በነጭ ላጲስ በቀስታ አሽተው መልሰው ያስገቡት፤ «ሞቷል» የተባለ ሌንስ እዚህ ላይ ሲነሳ ማየት የተለመደ ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ዲስኩ ካልተሽከረከረ የዲስክ ሞተሩን ይፈትሹ።

በአሴቶን ወይም በቤንዚን ማጽዳት

የብዙ ዴክ ሌንስ ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲነካው ይደበዝዛል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ንጹሕ ሌንስ በብርሃን ሲታይ ሰማያዊ ነጸብራቅ አለው፤ የቆሸሸው እንደ ጉም ግራጫ ይሆናል። እጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል የሚቀመጥ ዴክ ላይ አቧራው ሙጫ ሆኖ ስለሚጣበቅ ብሩሽ ያለው የማጽጃ ዲስክ አያስለቅቀውም። የጆሮ ኩክ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ያርጥቡ፣ እንዳይንጠባጠብ ጨመቅ ያድርጉት፣ ከመሃል ወደ ዳር ክብደት ሳይጥሉበት ያዙሩ፣ ከዚያ በደረቅ ጥጥ ይድገሙ። ሌንሱ የተንጠለጠለው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ላይ ስለሆነ አንድ ጠንካራ ግፊት ያጣምመዋል። በአፍም አይንፉበት፤ ምራቅ ይረጫል።

የሌዘሩን ማስተካከያ ማዞር

በሌንሱ ጎን በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ አንዳንዱ ላይ ለሲዲ አንድ፣ ለዲቪዲ አንድ ናቸው። «ጉልበት ጨምርለት» የሚለው ምክር ብዙ ሌንስ ገድሏል። የደከመ ሌዘር ከረንት ሲጨመርበት ለጥቂት ቀን ያነብና ይቃጠላል። ይህን የመጨረሻ አማራጭ ካላደረጉት በቀር አይንኩት። ካደረጉት ግን ኃይል ጠፍቶ፣ ኬብሉ ተነቅሎ፣ የማስተካከያዋን የመጀመሪያ ኦም ለክተው ይጻፉ፤ መመለሻዎ እሱ ብቻ ነው።

አዲሱን ሌንስ የሊድ ጠብታውን ሳያነሱ መግጠም

አዲስ ሌንስ ሲመጣ ሌዘሩ በሰውነት ኤሌክትሪክ እንዳይሞት ሁለት ነጥብ በሊድ ጠብታ ተገናኝተው ነው። ጠብታው ካልተነሳ ብርሃን አይበራም፣ ባለቤቱም «የገዛሁት የተበላሸ ነው» ይላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ የዴኩን የብረት አካል ነክተው ኤሌክትሪክዎን ያራግፉ፣ ፍላት ኬብሉን ይሰኩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጠብታውን በብየዳ ካውያ ያንሱ። ሲገዙም መልኩን አይመኑ፤ በገላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ያመሳክሩ። ኤስኤፍ-ኤችዲ60 እና ኤስኤፍ-ኤችዲ65 በስም ስለተቀራረቡ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል ማለት አይደለም።

መሳቢያውን በጉልበት መሳብ፣ የሚሽከረከረውን በግራሶ መድፈን

መሳቢያው ካልወጣ አብዛኛውን ጊዜ የላላው ቺንጊያው ነው። በእጅ ከተጎተተ የፕላስቲክ ጥርሶቹ ይላጣሉ። ቺንጊያውንና ሁለቱን መዘውሮች በአልኮል ያጽዱ፤ ለጊዜው በፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ ቢነከር ሊጠብቅ ይችላል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ግን ቶሎ ይላላል። የሌንሱ መሄጃ ዘንግ ላይ የመኪና ግራሶ አይቀቡ፤ አሮጌውን ጠርገው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል።

የዲስክ ሞተር የሚቀይሩ ከሆነ ዲስኩ የሚቀመጥበትን ሳህን ከመንቀልዎ በፊት ከፍታውን በካሊፐር ይለኩ። በግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ሌንሱ ትኩረቱን ሊያጣና ደህና ሌንስ የሞተ ሊመስል ይችላል።

5 ደቂቃ አይቶ «ተሠርቷል» ማለት

ዲቪዲ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ነው የሚነበበው። የመጀመሪያው ትዕይንት ስለታየ ዘንጉና ጥርሶቹ እስከ ዳር ይሠራሉ ማለት አይደለም። ሽፋኑን ገጥመው፣ ሙቀቱ ውስጥ እንዲታፈን አድርገው፣ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ፊልም እስከ መጨረሻው ያጫውቱ። ፊልሙ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ላይ ከሆነ ሌንሱ ጠርዝ ደርሶ ንብርብር ይቀይርና ወደ መሃል ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ለረጅም ጊዜ ከቆመ ሌንሱን እንደገና ያጽዱ።