የድሬዳዋን የሥራ ቀን ያለ ተራኪ ለመቅረጽ

የላብ አደሩን የዕለት ኑሮ ያለ ተራኪ፣ በምስልና በድምፅ ብቻ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ካሜራ ከማንሣቱ በፊት የከተማውን ቀን አካሄድ ማጥናት ይኖርበታል። ድሬዳዋ ላይ ይህን አካሄድ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ከፊራ ገበያ በማለዳ ይደምቃል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ጎዳናውም ጭር ይላል፤ ፀሐይ ስትበርድ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ፊልም ቀራጮች አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀኑን ለራሳቸው ዕረፍት ያደርጉታል፤ በእኔ እምነት ግን በጋሪው ጥላ ሥር ጋደም ያለው ተሸካሚ ስለ ጉልበት ሥራ ከጠዋቱ ግርግር የበለጠ ይናገራል።

ከተማዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ የባቡሩ ሰፈር የከዚራ ቀጥ ያሉና ዛፍ ያጠላባቸው መንገዶች ከመጋላ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ጋር ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ በመካከላቸው ያለው የደቻቱ አሸዋማ ወንዝም ሰው ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር ለመቅረጽ ይመቻል። በክረምት ግን መሣሪያም ሆነ ሰው ከወንዙ ውስጥ አይቁም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ በሌሊት በድንገት የመጣ ነበር።

ለቴሌቪዥን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢቀረጽና የሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ቢሆን፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በወርክሾፕና በሱቅ የሚበራው ፍሎረሰንት አምፖል በምስሉ ላይ አይርገበገብም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ አንዱን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይከተል።

ተራኪ በሌለበት ታሪኩን የሚያያይዘው ድምፅ ስለሆነ፣ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው። የባጃጁ ሞተር፣ የብረት ቀጥቃጩ መዶሻ፣ የአዛን ጥሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የሚካሄደው የዋጋ ክርክር ለየብቻ በቅርብ ማይክሮፎን ይቀረጹ፤ በየቦታው ማንም ሳይናገር ያለው የአካባቢ ድምፅም ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ። በቅንብር ጊዜ የሚቀጥለው ቦታ ድምፅ ከምስሉ ጥቂት ቀድሞ ቢሰማ፣ ተመልካቹ ማብራሪያ ሳይሻ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይሻገራል። ክርክሩን ሁሉ በግርጌ ጽሑፍ መተርጎም አያስፈልግም፤ የድምፁ ቃና በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፈቃድ በሠራተኛው በራሱ ቋንቋ፣ ካሜራው ሳይከፈት ይጠየቅ። ፊልሙ ከመተላለፉ በፊትም የተቀረጹት ሰዎች ይዩት፤ ክብራቸውን ነካ የሚሉት ምስል ምንም ያህል ቢያምር ይውጣ።