ባህር ላይ ካለ ሰው ጋር ግንኙነት እንዳይጠፋ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ታናሽ ወንድሜ መርከበኛ ነው። እኛ ያለነው ጅማ ነው፤ ባህር ያየነው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። መጀመሪያ የተሳፈረ ጊዜ 9 ቀን ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። በአሥረኛው ቀን ደወለ። መርከቡም እሱም ደህና ነበሩ። የወር ዳታው አልቆበት ነው። የጨረሰበት ደግሞ ራሱ ስልኩ ነበር፤ እሱ ሲተኛ አፕ ሲያዘምን አድሯል።

ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ያ ሁሉ እንባ ባልፈሰሰ። ስለዚህ ለሚሳፈር ልጅም፣ እቤት ለሚጠብቀውም ይህን ጻፍኩ።

ኢንተርኔቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ተራው የሞባይል ኔትወርክ ከባህር ዳርቻ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢከተል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሳተላይት ብቻ ነው። ሳተላይቱም ሁለት ዓይነት ነው።

የቆየው ዓይነት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ድምፅ እዚያ ድረስ ወጥቶ እስኪወርድ፣ መልሱም በዚያው መንገድ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። «ሄሎ፣ ሄሎ» እየተባባላችሁ ንግግራችሁ የሚጋጨው ለዚህ ነው። መላው ቀላል ነው፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው ይናገር። አዲሱ ዓይነት፣ ለምሳሌ ስታርሊንክ፣ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚዞር መዘግየቱ ብዙም አይሰማም።

በሁለቱም ግን አንቴናው ሰማይ ማየት አለበት። መርከቡ ሲዞር የጭስ ማውጫው ወይም ክሬኑ መሀል ከገባ መስመሩ ይቆረጣል። ዝናብም አለ። ጅማ በክረምት ዶፉ ሲወርድ የዲሹ ምስል እንዴት እንደሚሰባበር ታውቁ የለ? መርከብ ላይም ያው ነው። ዝናቡ ሲያልፍ ይመለሳል፤ ልብ አያስጨንቅ።

ከመፈረም በፊት መጠየቅ

ልጁ ውል ሲሰጠው ደመወዙን ብቻ አይቶ አይፈርም። በወር ስንት ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል? ሲያልቅ የሚገዛው በስንት ነው? ዋይፋዩ መኝታ ክፍል ይደርሳል ወይስ መመገቢያ አዳራሽ ብቻ ነው? የመርከብ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። በር ሲዘጋ ዋይፋዩም አብሮ ይዘጋል።

ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባህር ሠራተኞች ስምምነት ተሻሽሎ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መርከቦች በተቻለ መጠን ለሠራተኞቻቸው ኢንተርኔት እንዲሰጡ፣ የሚያስከፍሉ ከሆነም ዋጋው ተመጣጣኝ እንዲሆን ይላል።

ሲሙን ምን እናድርገው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መሀል ባህር ላይ የኢትዮጵያ ሲም ኤስኤምኤስ አይቀበልም። ከቴሌግራም ወይም ከዋትስአፕ አካውንቱ በሆነ ምክንያት ቢወጣ፣ እንደገና መግቢያው ኮድ የሚላከው ወደዚያ ሲም ነው። እኛ ሲሙን ጅማ አስቀርተነዋል። እናቴ ጋ ባለች አሮጌ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ነው። ኮድ ሲያስፈልግ በኢሜይል ይነግረናል፣ እናነብለታለን። ለማታምኑት ሰው ግን እንዳትሰጡ። ሁለቱም አፖች ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አብሩ፤ ኢሜይልም አስመዝግቡ። ሲሙ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ካርድ ሞልታችሁ ደውሉበት።

ስልኩን ማስተካከል

ይህ ቤት እያለ፣ ኔትወርክ ሳለ የሚሠራ ነው። አፖች በራሳቸው እንዳይታደሱ አጥፉ። ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጎግል ወይም አይክላውድ በራሱ እንዳይጫን አጥፉ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። ትልልቅ የቴሌግራም ግሩፖች ብቻቸውን የሳምንት ዳታ ይበላሉ። «ለጥሪ ትንሽ ዳታ ተጠቀም» የሚለውንም አብሩ።

ከቪዲዮ ይልቅ ቮይስ መላክ ይሻላል። የአንድ ደቂቃ ቮይስ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ያነሰ ዳታ ነው የሚወስደው። መስመሩ ሲቆረጥም ይጠብቅና ሲመለስ ይሄዳል። እናቴ አሁን ቡና እያፈላች ነው የምትልክለት። ከድምጿ ጀርባ ሙቀጫው ይሰማል። ወንድሜ ያንን ደጋግሞ እንደሚሰማው ነግሮኛል።

ሰዓቱን መነጋገር

ከቴክኖሎጂው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ወንድሜ ፈረቃው ከቀኑ 6 እስከ 10፣ ደግሞም ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ነው። ሰዓቱ ግን የመርከቡ ነው፤ የኛ አይደለም። ቻይና ዳርቻ ሲደርሱ ከኛ በ5 ሰዓት ይቀድማሉ። እናቴ ከእራት በኋላ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትደውል እሱ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ሥራ ላይ ነው። ጅማ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ግን እሱ ጋ 11 ሰዓት ነው፤ ፈረቃውን ጨርሶ ታጥቧል። አሁን የምንገናኘው ያኔ ነው።

መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰዓቱ ስለሚቀየር በየጊዜው ልዩነቱን ይጻፍላችሁ። እኛ ፍሪጁ ላይ በወረቀት ለጥፈነዋል። እሱ እዚያ የፈረንጅ ሰዓት ስለሚጠቀም «በኛ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

እቤት ያለው ወገንም ድርሻ አለው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል። በቀጠሮ ቀን ፓወር ባንክ ቻርጅ ይደረግ፣ ሞባይል ላይ ትንሽ የዳታ ፓኬጅ ይኑር።

ወደብ ሲደርሱ

የአገሩን ሲም መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኤምሬትስ ወደቦች ላይ ግን በአገሩ ሲም የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፤ ጽሑፍና ቮይስ ይሄዳል። አንዳንድ አገሮችም መርከቦች ክልላቸው ውስጥ ሲገቡ የስታርሊንክን አንቴና እንዲያጠፉ ያዛሉ። ስለዚህ ወደብ ሲቃረብ መጥፋቱ ያጋጥማል። በመንገደኛ መርከብ የሚሄድ ደግሞ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ። የመርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ በሳተላይት ስለሚያልፍ ሂሳቡ ያስደነግጣል።

ዝም ሲል

የመርከቡን ስምና 7 አሃዝ የሆነውን አይኤምኦ ቁጥር፣ ማለትም የመርከቡን መለያ ቁጥር፣ ጻፉ። ስም ይቀየራል፣ ቁጥሩ አይቀየርም። መርከቦች የት እንዳሉ በሚያሳየው ማሪን ትራፊክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ስትፈልጉት የመጨረሻ ቦታውን ያሳያል። ነፃው አገልግሎት ግን መርከቡ ቦታውን ለማሳወቅ የሚልከውን ምልክት በዋናነት የሚያገኘው ከዳርቻ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ውቅያኖስ መሀል ሲገባ የሚታየው ቦታ ከቀናት በፊት የነበረው ይሆናል። ያ መስጠም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባህር መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎች ይህን ምልክት ሆን ብለው አጥፍተው አልፈዋል። በዚያ መስመር የሚሄድ ልጅ ካላችሁ መርከቡ የት እንዳለ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

የቀጠረውን መርከብ ድርጅት የሠራተኞች ክፍል ስልክና ኢሜይልም ከመሳፈሩ በፊት ተቀበሉ። እኛ ከወንድሜ ጋር የተስማማነው 5 ቀን ነው። 5 ቀን ካለፈ እኔ እዚያ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ግን እናቴ ምግቧን ትበላለች።