ውሃ የሚጨርስ ግን ከስር የማያንጠባጥብ መኪና፦ የሂተሩን ኮር እዩት

የሂተር ኮር ማለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለች፣ የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚያልፍባት ትንሽ ራዲያተር ናት። አዳማ ላይ ሂተር የሚያበራ ሰው የለም፣ ለዛ ነው ማንም የማይጠረጥረው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ውሃ ስሞላ ከረምኩ፣ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ሞጆን እንዳለፍኩ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይጠጋል፣ መካኒኩ ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ ጣለው ምንም ለውጥ የለም።

መጀመሪያ መቼ እንደሚግል ለዩ። ስትቆሙ ብቻ ከሆነ ፋኑን፣ ፊውዙን እዩ። ዳገት ላይ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የውሃ ፓምፕ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን የቴስታታ ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ችግር ስለሆነ በቃ አትንዱት።

መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጠፋ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉን አንስታችሁ በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥብ ነው? የኤሲ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ንጹህና ሽታ የሌለው ነው፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲሆን ያሙለጨልጫል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ በቅባት ጭጋግ ይሸፈናል። ውሃ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ አይለይላችሁም፣ ቀለም ያለው ኩላንት ጨምሩና ጠብቁ። ኮሩን የሚበላውም እኮ ያው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ዝገትና ደለል ይሰራበታል።

አዲስ ኮር እስኪገኝ ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ጎማ ቱቦዎች በአንድ ቱቦ አገናኝታችሁ በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ፣ ይነዳል። ለመቀየር ብዙ መኪና ላይ ዳሽቦርድ ይፈታል፣ ኤርባግ ስላለ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ፣ እያንዳንዱን ቡሎን ከየት እንደወጣ ፎቶ አንሱ (እኔ ሳላነሳ ቀርቼ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀሁ)። አዲሱን ኮር ሳትገጥሙ አንዱን ጫፍ ደፍናችሁ ውሃ ውስጥ ከታችሁ በቀስታ አየር ንፉበት፣ አረፋ ካወጣ ለሻጩ መልሱት።

ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ነው፣ አየሩን ሳያወጣ ይዘጋል ከዛ ሲግል ስራው ተበላሸ ይላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሙሉ፣ ሂተሩን መጨረሻ አድርጋችሁ አስነሱ፣ አረፋው እስኪያቆም እየጨመራችሁ ጠብቁ። የጋለ ክዳን በፍጹም እንዳትከፍቱ፣ አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ቴርሞስታቱንም መልሱት። ከዛ ሶስት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውን ልክ እዩ፣ ካልወረደ ምንጣፉን መልሳችሁ አንጥፉ።