ስለ ሥር እባጭና ስለ ቫይታሚን ጂኖች ስናስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የባቄላ ሥር ከአፈር ቀስ አድርገው አውጥተው ቢያጥቡት ትናንሽ እባጮች ያያሉ። አንዱን በጥፍርዎ ፈልቀቅ ሲያደርጉት ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ውስጥ ላለው ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ነው። እዚያ የሰፈሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ያዘጋጁለታል። ይህንን ብዙዎቻችን ተምረናል። እባጩ ራሱ ለማደግ ቫይታሚን እንደሚፈልግ ግን ብዙም አይወራም።

ትልቁ ስህተት እባጩን የባክቴሪያ ቤት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። እባጩ የተክሉ አካል ነው፤ የሚሠራውም የተክሉ ሴሎች ሲባዙ ነው። ለዚያ ጉልበት ያስፈልጋል። ስኳር ወደ ጉልበት ሲቀየር ደግሞ ያለ ታያሚን፣ ማለትም ያለ ቫይታሚን ቢ1፣ የማይሠሩ ኢንዛይሞች፣ ማለትም በሴል ውስጥ ሥራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች፣ አሉ። እኛ ታያሚን የምናገኘው ከምግብ ነው፤ ተክል ግን ራሱ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሎተስ ጃፖኒከስ በተባለች የጥራጥሬ ወገን ተክል ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ራይዞቢየም ሥሩ ላይ ሲጨመር ቲኤችአይ1 እና ቲኤችአይሲ የተባሉት ታያሚን ለመሥራት የሚያገለግሉ ጂኖች ሥራቸውን ይጨምራሉ። ቲኤችአይ1 በጣም የሚበረታው ገና እየተከፋፈሉ ባሉት የእባጩ ሴሎች ውስጥ ነው። እሱ ሲበላሽ እባጮቹ ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ። ታያሚን ከውጭ ሲሰጣቸው ያድጋሉ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ሌላው ስህተት ቅጠል አይቶ መፍረድ ነው። ቲኤችአይ1 የተበላሸበት ተክል ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ላየው ሰው ምንም የጎደለው አይመስልም። ምክንያቱም በቅጠሉ ውስጥ ቲኤችአይ2 የተባለው ወንድም ጂኑ ሥራውን ይዟል። ቲኤችአይ2 ሲዳከም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ጂኑ ስንት ቅጂ እንዳለው፣ እያንዳንዱም የት እንደሚሠራ ሳያጣሩ ‹‹ይህ ጂን አያስፈልግም›› ብለው አይደምድሙ።

ተክሉን ታያሚን ባለበት የላብራቶሪ ምግብ ላይ ማሳደግም ያሳስታል። ለተክል ማሳደጊያ ከሚዘጋጁት ብዙዎቹ ውስጥ ታያሚን አለ። ጉድለቱን ፈልገው፣ መድኃኒቱን ራስዎ እየሰጡ ነው ማለት ነው።

ጂኑ በርትቶ ከሠራ ቫይታሚኑ ተትረፍርፏል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። በብዙ ተክሎች ከቲኤችአይ1 ዓይነቱ ጂን የሚወጣው ኢንዛይም ለታያሚኑ የሚያስፈልገውን ሰልፈር ከገዛ አካሉ ቆርሶ ይሰጣል። አንዴ ከሰጠ በኋላ ለዚያ ሥራ አይሆንም። ለሚቀጥለው ታያሚን አዲስ ኢንዛይም መሠራት አለበት። ጂኑ በብርቱ ሲሠራ ካዩ፣ ምናልባት የሚያዩት ፍጆታን ነው። የቫይታሚኑን መጠን ለብቻው ይለኩ።

በመጨረሻ ቫይታሚን ቢ12 አለ። በተክሉ ውስጥ የቢ12 ጂን የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ ተክሎች ቢ12 አይሠሩም፣ አያስፈልጋቸውምም። የሚሠራው ባክቴሪያው ነው፤ ለዚያም ኮባልት የተባለውን ማዕድን ይፈልጋል። ኮባልት ሲጠፋ ባክቴሪያው ስለሚዳከም፣ ናይትሮጅኑን ከእባጩ ብቻ የሚጠብቅ ተክል ይጎዳል። ናይትሮጅን በማዳበሪያ የሚያገኘው ጎረቤቱ ግን ያን ያህል አይቸገርም።