«ሙያ በልብ ነው» እና የግል ማህደርዎ፦ ወደ ነርሲንግ ኃላፊነት ሲያመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሙያ በልብ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው ሥራውን ማስተዋወቅ ከጉራ ይቆጥረዋል። በወሎ ከቦሩ ሜዳ እስከ ቆቦ፣ ከአቀስታ እስከ ከሚሴ ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ነርስ ሞልቷል። የክፍል ኃላፊነት፣ የሱፐርቫይዘርነት ወይም የሜትሮንነት (የሆስፒታሉ ነርሶች ዋና ኃላፊነት) ውድድር ሲወጣ ግን ኮሚቴው የሚገልጠው ማህደር ነው። ሌሊቱ እዚያ ውስጥ ካልተጻፈ አልነበረም ማለት ነው።

በቃል የተሰጠ ኃላፊነትን በቃል ማስቀረት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የወሊድ ፈቃድ ትወጣለች፤ ሜትሮኗ «እስክትመለስ እስኪ አንቺ ያዢው» ትላለች። አራት ወር ያልፋል። የዱቲ ፕሮግራም (የተረኞች ሰሌዳ) ያወጣችው፣ ያለቀ ዕቃ የጠየቀችው፣ የተቆጡ አስታማሚዎችን ያረጋጋችው ተወካይዋ ናት። በዓመቱ ውድድር ሲወጣ ግን «የኃላፊነት ልምድ» የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ይሞላላታል። ደብዳቤ የለማ!

ውክልናው በተሰጠዎት በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ይጠይቁ። የኃላፊነቱ መጠሪያ፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ፊርማና ማህተም መኖራቸውን ይዩ፤ ከግርጌም «ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለግል ማህደር» የሚል መስመር ይኑረው። ግልባጩ ከቀረ ደብዳቤው ቦርሳዎ ውስጥ ያረጃል። ኃላፊነቱን ሲያስረክቡ ደግሞ የማብቂያውን ደብዳቤ ይውሰዱ፤ የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ስንት ወር እንደሠሩ የሚቆጥርልዎ አይኖርም። የጥራት ኮሚቴና የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ አባልነት፣ ተማሪ ነርሶችን መከታተልም እንዲሁ በደብዳቤ ይሁን። መጠየቁ የሚያሳፍርዎ ከሆነ «ሲስተር፣ ሰው ሀብት እንዲያውቀው በደብዳቤ ቢሆንልኝ» ማለት ይበቃል፤ በዚህ የሚቀየም አለቃ ብዙ አይደለም።

ወሎ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በደሴ፣ በወልድያ፣ በኮምቦልቻና በሌሎችም አካባቢዎች ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ከዕቃው ጋር ሰነድም ጠፍቷል። ከዚያ በፊት የተቀጠሩ ከሆነ ሰው ሀብት ሄደው ማህደርዎን ገጽ በገጽ ያገላብጡ። የጎደለ ካለና ኮፒው እጅዎ ላይ ከሆነ በማመልከቻ አያይዘው መዝገብ ቤት ያስገቡ። ኮፒ ከሌለዎ ግልባጩ ደርሶት የነበረውን ክፍል ይጠይቁ። ይህ ሥራ ውድድር ከመውጣቱ በፊት ካልተሠራ፣ በማመልከቻው ጥቂት ቀናት ውስጥ አይደርስም።

በቁጥር ፈንታ ቅጽል መደርደር

«ታታሪ፣ ተግባቢ፣ ጫና መቋቋም የሚችል» የሚለውን ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው አይለይም። የሚለየው የተቆጠረ ለውጥ ነው።

የአልጋ ቁስልን፣ ማለትም ሳይገላበጡ ብዙ ከመተኛት የሚመጣውን ቁስል፣ እንውሰድ። በሩብ ዓመቱ ክፍሉ ውስጥ የወጡትን አዳዲስ ቁስሎች ለታካሚ ቀናት ያካፍሉና በ1,000 ያባዙ። የታካሚ ቀናት የሚገኙት በየዕለቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተኙትን ሰዎች ቆጥሮ በመደመር ነው። ለምሳሌ ከሐምሌ እስከ መስከረም 2,000 የታካሚ ቀናትና 8 ቁስል ከነበረ፣ ውጤቱ 4 ነው። ከዚያ ታካሚውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ተጀምሮ፣ ያገላበጠው ሰው አልጋው አጠገብ በተሰቀለ ቅጽ ላይ እየፈረመ፣ በቀጣዩ ሩብ ዓመት በተመሳሳይ የታካሚ ቀናት 3 ቁስል ብቻ ከታየ 1.5 ይሆናል። «ከ4 ወደ 1.5» ብሎ የጻፈ ሰው ቅጽል አያስፈልገውም።

ቆጠራው የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ታካሚው ከቤቱ ወይም ከሌላ ተቋም ይዞት የመጣውን ቁስል የክፍሉ አድርጎ መቁጠር ነው። ከሩቅ ወረዳ ዘግይቶ በሪፈር የሚመጣ ሰው በሚበዛበት ሆስፒታል ይህ ውጤቱን ያጠፋዋል። እንደተኛ ጀርባው፣ ዳሌውና ተረከዙ ታይቶ ቻርቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው ድንጋጤ ነው፤ መቁጠር በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ድሮ የማይጻፈው አሁን ስለሚጻፍ እንጂ እንክብካቤው ስለከፋ ላይሆን ይችላል። ይህን ለኃላፊው አስቀድመው ይንገሩ፤ አለበለዚያ ሥራዎ በራስዎ ላይ ምስክር ይሆናል።

በየዓመቱ ግንቦት 4 በነርሶች ቀን የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ይነሳል። የሚወራው በሌሊት ታካሚ ስትጎበኝ ስለያዘችው መብራት ነው፤ ባለሥልጣናቱን ያሳመነችው ግን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የወታደሮችን ሞት ቆጥራ በሥዕል ባቀረበችው ሰንጠረዥ ነበር።

ውጤቱን ሲያቀርቡ የተረኞቹን ድርሻ አብረው ይናገሩ። «እኔ ቀነስኩት» ያለ ሰው በማግስቱ ቅጹ ላይ የሚፈርምለት ያጣል።

ካኑላ ማስገባትን ከመምራት ማምታታት

የጠፋን ደም ሥር በአንድ ሙከራ አግኝቶ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) የሚያስገባ ነርስ ይከበራል፤ ይገባዋልም። ኃላፊ ሲሆን ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የሰው ስሌት፣ ርክክብ፣ የዕቃ ክምችት፣ ቅሬታ፣ ሪፖርት። እነዚህን ሹመቱ ሳይመጣ መለማመድ ይቻላል። የአንድ ወር የዱቲ ፕሮግራም በኃላፊዋ ሥር ሆነው ላውጣ ብለው ይጠይቁ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በሦስት ፈረቃ ጠዋት 4፣ ከሰዓት 3፣ ሌሊት 3 ነርስ የሚያስፈልገው ክፍል በቀን 10፣ በ30 ቀን 300 ተራ አለው። አንድ ነርስ በወር 20 ተራ ከሠራ 15 ሰው ይፈለጋል፤ ለዓመት ፈቃድና ለሕመም 2 ሲጨመር 17። ክፍሉ ያለው 12 ከሆነ፣ «ሰው አነሰን» ከሚለው ሮሮ ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ስብሰባ ላይ ይደመጣል። ያቀረበውም ሰው ይታወሳል።

ቀንና ስም ማዘባረቅ

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማመልከቻ ያስጥላል። የመንግሥት ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ለግብረ ሰናይ ድርጅት የሚቀርብ ሲቪ ደግሞ በፈረንጆቹ። ብዙ ሰው በጅምላ 8 ይደምራል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚደመረው 7 ነው፤ 8 ከዚያ በኋላ ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው 2018 ብሎ ከጻፈ አንድ ዓመት ልምዱን በገዛ እጁ ቆረጠ።

ስምም እንዲሁ። ወሎ ውስጥ መሐመድ፣ ሰይድና ሁሴን የማይገኙበት ማህደር የለም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐመድ ዲግሪው ላይ በሁለት «ኤም»፣ የሙያ ፈቃዱ ላይ በአንድ «ኤም»፣ መታወቂያው ላይ በ«ዩ» ይገኛል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያወዳድሩ፤ ልዩነት ካለ ማስተካከያውን ዛሬ ይጀምሩ።

ሥልጠናን በአበሉ መምረጥ

እውነቱን እንነጋገር፤ ይደረጋል። አሥር የማይገናኝ ሰርተፊኬት ግን መንገድ አያሳይም። ለኃላፊነት የሚያዘጋጁት የአመራርና አስተዳደር፣ የጥራት ማሻሻያ፣ የኢንፌክሽን መከላከልና የአሠልጣኞች ሥልጠና ናቸው። ለሙያ ፈቃድ ዕድሳት እንዲቆጠርልዎ ሰጪው ተቋም ዕውቅና ያለው መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ሲመለሱ ለባልደረቦችዎ የ30 ደቂቃ ገለጻ ይስጡና የተፈረመበትን የተሳታፊዎች ዝርዝር ያስቀምጡ። ከሰርተፊኬቱ ይልቅ እሱ ይናገርልዎታል።

ቋንቋን እንደ ችሎታ አለመቁጠር

ኦሮምኛ፣ አፋርኛ ወይም አርጎብኛ የሚናገር ነርስ ሲቪው ላይ «አማርኛና እንግሊዝኛ» ብቻ ጽፎ ይታያል። ከባቲ፣ ከከሚሴና ከአፋር ታካሚ በሚመጣበት ደሴ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ይጻፍ።

ታካሚን ማስታወቂያ ማድረግ

የዳነ ቁስል ፎቶ፣ አልጋ ላይ ካለች እናት ጋር የተነሱት ምስል ቴሌግራም ላይ አይወጣም። ፊት ባይታይም ንቅሳት፣ የአልጋ ቁጥር ወይም ካርድ ያሳብቃል፤ ለዓመታት የተገነባ ስም በአንድ ፎቶ ይወድቃል።

ሲሸነፉ አኩርፎ መሄድ

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነጥብዎን በየመስፈርቱ ይጠይቁ፤ ትምህርት ስንት፣ ልምድ ስንት፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ስንት፣ ቃለ መጠይቅ ስንት። ቅሬታ ካለዎ ጊዜው አጭር ስለሆነ በጽሑፍ አስገብተው የገቢ ቁጥር ይቀበሉ። ልምድ ላይ ካነሰብዎ የጎደለው ደብዳቤ የትኛው እንደሆነ እዚያው ያስጽፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ያልመለሷቸውን ጥያቄዎች ሳይረሱ በዚያው ቀን ይጻፏቸው።