እርሾን ለገለባ ኤታኖል ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳቦ የሚያስነሳው እርሾ፣ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲየ፣ ግሉኮስን ወደ አልኮል (ኤታኖል) በመቀየር እጅግ የተካነ ነው። ገለባ፣ የበቆሎ አገዳና ሰጋቱራ ውስጥ ግን ዛይሎስ የሚባል ስኳርም በብዛት አለ። እርሾው ዛይሎስን በራሱ ወደ አልኮል መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ከሌላ ፍጥረት ጂን ይሰጠዋል። ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዛይሎሱ አለቀ ብሎ መደሰት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አለቀ ማለት ኤታኖል ሆነ ማለት አይደለም። ከሌላ እርሾ የሚወሰዱት ሁለት ኢንዛይሞች አጋዥ ሞለኪውላቸው ይለያያል፤ የመጀመሪያው ኤንኤዲፒኤች ይመርጣል፣ ሁለተኛው የሚሠራው በኤንኤዲ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ስኳሩ ግማሽ መንገድ ላይ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር አልኮል ሆኖ ይቀራል። ፒሮማይሲስ ከተባለ ፈንገስ የተወሰደው ዛይሎስ አይሶሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይህን ችግር ያልፈዋል፤ ሥራውን ያለ ሁለቱም አጋዥ ሞለኪውሎች ይሠራል። የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ኤታኖሉን፣ ዛይሊቶሉን፣ ግሊሰሮሉንና የሴሉን ክብደት አብረው ይለኩ። ከ1 ግራም ስኳር ቢበዛ የሚገኘው 0.51 ግራም ኤታኖል ነው። ስሌቱ ከዚያ በላይ ካሳየ ያልቆጠሩት ስኳር አለ፣ ወይም ልኬቱ ተሳስቷል።

በንጹሕ ስኳር ብቻ መፈተን። ከገለባ የሚወጣው ፈሳሽ ጥቁር ቡናማ ነው፤ እርሾን የሚጎዱት አሴቲክ አሲድና ፉርፉራል አብረውት ይወጣሉ። በንጹሕ ስኳር የፈነደቀ ዝርያ እዚያ ሲገባ ዝም ሊል ይችላል። ፒኤቹንም (የአሲድነት መለኪያውን) ችላ አይበሉ። በፒኤች 5 ከአሴቲክ አሲዱ ሲሶ የሚበልጠው ሳይከፋፈል ይቆያል፤ በፒኤች 4 ግን 85 በመቶው ገደማ። ጎጂው ይሄ ያልተከፋፈለው ነው። የሴሉን ሽፋን አልፎ ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ ፕሮቶን ይለቃል፣ ሴሉም ያንን ወደ ውጭ ለመግፋት ጉልበቱን ይጨርሳል። የአሲዱ መጠን አንድ ሆኖ ፒኤቹ ከተለያየ ሁለት ዝርያዎችን ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

ስኳሮቹን ለየብቻ መስጠት። ዛይሎስ ወደ ሴል የሚገባው ለግሉኮስ በተሠሩ በሮች ነው። ግሉኮስ እስካለ ድረስ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ ፈተናው በድብልቅ ይሁን።

ለላብራቶሪ ምቹ የሆነውን ዝርያ ይዞ መቅረት። ጂን ለመክተት ይቀላል፣ እውነት ነው። ለፋብሪካ ጫና ግን ብዙውን ጊዜ የኢንዱስትሪ ዝርያ ይሻላል። ጂኖቹን ደግሞ በፕላዝሚድ (ከክሮሞሶም ውጭ ባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ብቻ አይተዉ፤ ጂኑን የያዙትን ሴሎች ብቻ የሚያስተርፈው መድኃኒት ሲነሳ ሊጠፉ ይችላሉ። ክሮሞሶም ላይ ያስገቧቸው።

ዝርያውን ለብዙ ትውልድ እያሳደጉ በብዙ አየር ማላመድ። እርሾ የሚለማመደው የተሸለመበትን ነገር ነው። አየር ከበዛ ማደግን ይማራል እንጂ አልኮል መሥራትን አይደለም። እያላመዱ ሳለ በየደረጃው ናሙና በግሊሰሮል ይዘው በ-80 ዲግሪ ያስቀምጡ። ጥሩው ባሕርይ በድንገት ከጠፋ የት ላይ እንደጠፋ የሚነግርዎት ያ ናሙና ብቻ ነው።